የብረት አንሺው እጅ

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሥራ የጀመርሁ ዕለት ያስረከቡኝ ክፍል ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ውስጡ አንድ የመመርመሪያ አልጋ፣ አንድ መስታወትና ሁለት የአሸዋ ከረጢት አገኘሁ። ኃላፊው ቁልፉን እየሰጡኝ፣ "ፊዚዮቴራፒ ማለት እንግዲህ ማሸት ነው፣ አይደል?" አሉኝ።

"ማሸትም አለበት" አልኋቸው። "ዋናው ግን የደከመውን ጡንቻ ማሠራት፣ የደረቀውን መገጣጠሚያ ማላላት ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሩ ላይ ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?" ብለው ጥቂት አሰቡ። ሳይጻፍ ቀረ።

የመጀመሪያው ታካሚዬ ከማንኩሳ ወዲያ ካለ አጥቢያ የመጡ መሪጌታ ነበሩ። ከበቅሎ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ጀሶው ተፈትቶላቸዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ደርቀው ጸናጽል መያዝ አቅቷቸዋል። አልጋው ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ልጄ፣ ወጌሻ ነሽ ሐኪም?"

"የተማርሁት ከሐኪሞች ነው አባ፤ የምሠራው ግን በእጄ ነው።"

"ወጌሻም በእጁ ነው የሚሠራ" አሉ። "እንግዲህ ልዩነታችሁን የኔ እጅ ይናገራል።"

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በሞቀ ውኃ ውስጥ እያጠፍሁ እየዘረጋሁ ብዙ ሳምንት ሠራን። ጸናጽሉን ይዘው የመጡ ቀን ክፍሌ ውስጥ አንዴ አሰሙልኝና ሳቁ። ከጀርባ፣ ከጉልበትና ከትከሻ ይልቅ እጅ እየሳበኝ የመጣው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ሰዉ ሁሉ "ሲስተር" ይለኛል። ነርስ አይደለሁም፤ መጀመሪያ እያስተካከልሁ ነበር፣ ኋላ ተውሁት።

በዚህ አገር እጁን የማያደክም ሰው የለም። አጨዳ ሲደርስ ማጭድ የያዘው እጄ ደነዘዘ የሚል ይመጣል። በርበሬ ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ሲቀነጥሱ የዋሉ ሴቶች ይመጣሉ። ሁሉም "እጄ ደነዘዘ" ነው የሚሉኝ። የትኛው ጣት እንደሆነ ሳልጠይቅ የሚነግረኝ የለም። የተለያየ ጣት የተለያየ ነገር እንደሚናገር ያወቅሁት ቀስ እያልሁ ነው፤ "የትኛው?" የምትለው ጥያቄ የሥራዬ መክፈቻ ሆነች።

ጋሻው የመጣው ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ቡሬ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ጎልማሳ ነው። ከባለቤቱ ከስመኝ ጋር ገባ። በርጩማ ብሰጠው ቆሞ ተመለከታትና፣ "ይህች በርጩማ እኔን አትችልም ሲስተር" ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ነበር። ደረቱና ክንዱ ሸሚዙን ወጥሮታል።

"ብረት አነሣለሁ" አለኝ። "ጧት ጧት፣ ሥራ ሳልገባ። ዓመታት ሆነኝ። አሁን ግን ሁለቱም እጆቼ እየደነዘዙ አስቸገሩኝ፤ የቀኙ ይብሳል። ከእንቅልፌ እየቀሰቀሱኝ ነው።"

"ሲቀሰቅሱህ ምን ታደርጋለህ?"

"አራግፋቸዋለሁ።"

"እስቲ አሳየኝ።"

ከታጠበ እጁ ውኃ እንደሚያራግፍ ሰው ሁለቱንም ወደ ታች አርገፈገፋቸው። ሰምቼው የማውቀው፣ ሌሎችም ሳያውቁት ሲያደርጉት ያየሁት ነገር ነው። ግማሽ መልሴን ያኔውኑ አገኘሁ።

እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያልሞከረው የለም። ከመድኃኒት ቤት የቫይታሚን መርፌ ተወግቷል። ወጌሻ በቅቤ አሽቶ ጎትቶለታል። አንዱ ከአንገትህ ነው ብሎት ሌላው ብርድ ነው ብሎታል። ጠበልም ሰንብቷል።

"አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት" አለኝ። "ብረቱን ተው አይበሉኝ።"

"ለምን?"

የመለሰችልኝ ስመኝ ናት።

"አረቄ ነው ሲስተር። ብረት ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ጋሻው የማውቀው እኔ ነኝ። ጧት ብረቱ ጋ ከደረሰ ወደ አረቄ ቤት አይሄድም። ብረቱን ካስተዋችሁት ያ ሰው ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ።"

ጋሻው መሬት መሬቱን አየ። አላስተባበለም።

ዓይኑን እንዲጨፍን ነገርሁትና በጥጥ ጣቶቹን መንካት ጀመርሁ። አውራ ጣት ላይ "ይሰማኛል፤ ግን በጨርቅ ላይ እንደሆነ ነው" አለ። ሌባ ጣትም እንደዚያው፣ የመሐሉም እንደዚያው። ትንሿ ጣት ላይ ስደርስ "ይህች ጤነኛ ናት" አለ። ከዚያ የቀለበት ጣቱን በአውራ ጣት በኩል ባለው ጎን ነካሁት፤ ደንዝዟል። በትንሿ ጣት በኩል ባለው ጎን ነካሁት፤ ደኅና ነው።

ዓይኑን ገለጠ። "ግማሹ ነው የደነዘዘው? አንድ ጣት እንዴት ለሁለት ይከፈላል?"

ራሱ በጥጡ ደጋግሞ ሞከረው። ስመኝም ሞከረችለት። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ሁልጊዜም ይደንቀኛል። አንዱን ጎን የሚያሰማው ነርቭ በእጅ አንጓ መሐል ያልፋል፤ የሌላውን ጎን የሚያሰማው በዳር በኩል ነው የሚመጣ። ከአንገት ቢሆን ኖሮ ጣቱ እንዲህ በመሐል ባልተከፈለ።

የእጅ አንጓውን አጥፎ እንዲይዝ አደረግሁት። ጥቂት ሳይቆይ ጣቶቹ ይነዝሩት ጀመር። አንጓው ላይ በጣቴ ጫፍ መታ መታ ሳደርግ እስከ መሐል ጣቱ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረው።

"ካርፓል ተነል ይባላል" አልሁት። "እዚህ አንጓህ ላይ ጠባብ መሿለኪያ አለ። ወለሉ አጥንት ነው፤ ጣሪያው ጠንካራ ማሰሪያ ነው። ጣቶችህን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶች በዚያ ያልፋሉ፤ አንድ ነርቭም አብሯቸው ያልፋል። ጅማቶቹ ሲያብጡ ነርቩ ይጨነቃል።"

"የገበያ ቀን የቡሬ መገንጠያ በሉኛ" አለ። "ሲኖትራኩም ባጃጁም ባንድ ላይ ሲገባ።"

"ነርቩ ባጃጁ ነው" አልሁት።

ስኳርና እንቅርትም እጅ ስለሚያደነዝዙ ላቦራቶሪ ላክሁት። ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ታዲያ ያሳበጠው ምንድን ነው? ብረቱ ነው ማለት ቀላል ነበር። ግን ብረት አንሺ አክሜ አላውቅም፤ ብረት ሲነሣም በቅርብ አላየሁም። ያላየሁትን ነገር ተው ማለት አልፈለግሁም። "ቅዳሜ መጥቼ ልይህ" አልሁት።

ቅዳሜ ጧት በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ። ጂም የሚሉት ከብየዳ ቤቱ በስተጀርባ ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ክብደቶቹ የመኪና ማርሽና ሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች ናቸው፤ ዘንጉን ራሱ ጋሻው ነው የሠራው። ጓደኛው ሙሉቀን ከእሱ ጋር ይበይዳል፣ ከእሱ ጋርም ያነሣል። ሲያየኝ ደንግጦ ሸሚዙን ለበሰ።

"እማማ፣ ምነው እዚህ ብናኝ ውስጥ? ቢሮ እንክፈትልዎት?"

"ልጄ፣ የመጣሁት እጃችሁን ላይ ነው። ሥሩ።"

ጋሻው ቤንቹ ላይ ተንጋሎ ዘንጉን ወደ ላይ ሲገፋ ጎኑ ተንበረከክሁ። የሚያየው ሰው ሁሉ ደረቱን ነው የሚያይ፤ እኔ አንጓውን አየሁ። ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ዘንጉ በመዳፉ ተረከዝ ላይ በመቀመጥ ፈንታ ወደ ጣቶቹ ሥር ሸሽቷል። ፑሽ አፕ ሲሠራም አንጓው ተቀልብሶ የሰውነቱን ክብደት ይሸከማል። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ወዲያው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ዘንጉን ሁለቱም እጆች እኩል ነው የሚይዙት። ቀኙ ለምን ባሰ?

ሄጄ ምሳ በላሁና ተመለስሁ። ከሰዓት በኋላ የሥራ ልብሱን ለብሶ የበር ፍሬም እያለሰለሰ ነበር። ብረት የሚያለሰልሰውን ግራይንደር በቀኝ እጁ አንቆ ይዞ ብረት ላይ ይጫናል፤ ያርፍና እንደገና ይጫናል። እጁ እስከ ክርኑ ይንቀጠቀጣል።

"ስጠኝ እስቲ" አልሁት።

"ኧረ ያመልጥዎታል ሲስተር!"

ከኋላዬ ሆኖ አብሮኝ ያዘው። ጥቂት አቆይቼ ሰጠሁት። ከለቀቅሁት በኋላም መዳፌ ውስጥ ንብ ያለ መሰለኝ።

"ይህን በቀን ምን ያህል ትይዘዋለህ?"

ሙሉቀን መለሰልኝ። "ማለስለሱ ሁሉ የእሱ ነው። ጉልበት ስላለው ለእሱ ትተንለታል።"

ብረቱ ብቻውን አልነበረም። ጧት አንጓውን እየቀለበሰ ይጭነዋል፤ ቀን በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ይደበድበዋል። ስመኝን ስጠይቃት ደግሞ እጆቹን አጥፎ ከአገጩ ሥር አድርጎ እንደሚተኛ ነገረችኝ። መሿለኪያው የሚያርፍበት ሰዓት አልነበረውም።

"ብረቱን ተው አልልህም" አልሁት። "የምትተው አያያዙን ነው።"

ያን ለት እኔ፣ ጋሻውና ሙሉቀን ብዙ ሠራን። የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ በፈላ ውኃ አለሰለስንና በክንዱ ልክ ቀርጸን በጨርቅ ሸፍነን ሲተኛ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ አበጀንለት። ዘንጉ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ አወፈረው። ክብደቱን ቀንሶ፣ አንጓውን ከክንዱ ጋር አስተካክሎ እንዲገፋ አስለመድሁት። ግራይንደሩን ሙሉቀን ተቀበለ።

ከወር በላይ እንዲህ ሄደ። ግራ እጁ ቀስ በቀስ ነቃ። ቀኙ አልነቃም። በየጊዜው አውራ ጣቱን ወደ ላይ እንዲያነሣ አድርጌ በጣቴ እጫነው ነበር፤ አንድ ቀን ያለ ምንም ትግል ወደቀልኝ። ሁለቱን መዳፎቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጥኋቸው። የቀኙ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከስቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ደረቱ ላይ አግድም የጠቆረ ሰንበር ነበረው። ቤንቹ ላይ እያለ አውራ ጣቱ ከድቶት ዘንጉ ወድቆበታል። ሙሉቀን ባያነሣለት ኖሮ ትንፋሽም ባልነበረው።

"ከዚህ በኋላ የእኔ ሥራ አይበቃም" አልሁት። "ባሕር ዳር ሄደህ መሠራት አለብህ። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው።"

ፊቱ ተለወጠ። "ምኑን ነው የሚቆርጡት?"

"ነርቩን የሚጫነውን።"

"ሥሬን ሊቆርጡት ነው?" ብድግ አለ። "አጎቴ እግሩ ላይ ሥሩ ተቆርጦ እስኪሞት እንደጎተታት ነው የኖረ። አይሆንም ሲስተር።"

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አስቸገረኝ። ነርቭም ሥር ነው፣ የደም ቧንቧም ሥር ነው፣ ሰዉ ጅማቱንም ሥር ይለዋል። ማሰሪያውን እንጂ ሥሩን አይደለም ብል አላመነኝም። ሥዕል አሳየሁት፤ "ሥዕልማ ምን ይናገራል" አለ። ሄደ።

ሁለት ቀን አሰብሁበት። ከዚያ ቡሬ ወርጄ ሥጋ ቤት ገባሁ።

"የበግ የፊት እግር ስጠኝ። ከጉልበቱ በላይ ቁረጥልኝ።"

"ለሾርባ ከሆነ ከጉልበቱ በታች ነው የሚሻልዎት እማማ።"

"ለሾርባ አይደለም፤ ለትምህርት ነው።"

ሰውየው ሥጋ ለትምህርት ሲፈለግ ሰምቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ይታይ ነበር። የበግ የፊት እግር ላይ ጉልበት የምንለው በእርግጥ ጉልበት አይደለም፤ የእጅ አንጓዋ ነው። የበጓ እጅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የበጉን እግር በጋሻው ግቢ ጣውላ ላይ አስቀመጥሁት። ጋሻው፣ ስመኝና ሙሉቀን ከበቡኝ። ቆዳውን ገፈፍሁና በአንጓው ጀርባ ያለውን ነጭ ማሰሪያ አሳየኋቸው። "ጣሪያው ይህ ነው። ጣትህን ስደደው።" ጋሻው ትንሿን ጣቱን ከሥሩ ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም። ማሰሪያውን በምላጭ ቀደድሁት። ጅማቶቹ ተንፈስ ብለው ብቅ አሉ። ከአጠገባቸው ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ነገር በመርፌ ነጥዬ አነሣሁ።

"ነርቩ ይህ ነው።"

"ይህች?" አለ። "ይህች ክር ናት ዘንጉን የጣለችብኝ?"

"እሷ ናት። እኔ አሁን እሷን ቆረጥኋት?"

ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተላት። በጣቱ ቀስ አድርጎ ሳብ አደረጋት፤ ጣቱንም ከሥር አሳለፈው፤ አሁን ገባለት። ከዚያ ከስመኝ ጋር ተያዩ።

"ጣሪያውን ነው እንጂ ሥሩን አይደለም የሚነኩት" አላት፤ እሷ ያላመነች፣ እሱ የሚያስረዳት ይመስል።

ባሕር ዳር ሄዶ ተሠራ። በመርፌ ያደነዘዙት እጁን ብቻ ነበር፤ እሱ ነቅቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ነርቩን ሲያገኙ እንዲነግሩት ለምኖ እንደነበር ኋላ ነገረኝ። "አዩኝና ሳቁ። ግን ነገሩኝ" አለ።

መደንዘዙ ቶሎ ለቀቀው። የከሳው ሥጋ ግን ቶሎ የሚመለስ አይደለም፤ ያንንም ቀዶ ሐኪሙ ነግረውታል። ቁስሉ እስኪድን ዘንግ መያዝ ተከለከለ። የፈራነው ጊዜ ይህ ነበር። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ፍኖተ ሰላም እየመጣ ጠባሳውን አለሰልስለት፣ ጣቶቹን አሠራለት ነበር። አንድ ሳምንት ቀረ። ስልክ ደወልሁ፤ ያነሣችው ስመኝ ናት።

"ትናንት ጠጥቶ ገባ" አለችኝ። ድምፅዋ ደክሟል። "ጧት ተነሥቶ ግቢ ይወጣል፤ ብረቱን አይቶ ይመለሳል። የሚያደርገው የለውም።"

የሕክምናዬ ጉድለት ታየኝ። እጁን እንዲያሳርፍ ነግሬዋለሁ፤ ሰውየው ግን ምን ያድርግ የሚለውን አላሰብሁም ነበር።

በማግስቱ መጣ። አንገቱን ደፍቷል። "ሰምተዋል አይደል?"

"ሰምቻለሁ። ጧት ግቢ ስትወጣ እግርህ ደኅና ነው?"

ቀና አለ። "እግሬማ ምን ሆነ?"

የአሸዋውን ከረጢት አነሣሁና ትከሻው ላይ ጫንሁለት። "እጅህን አትጠቀም። ቁጭ በልና ተነሥ።" ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብድግ እያለ ሠራ። ቀለለው። ሌላኛውንም ጨመርሁለት። ላቡ እስኪወርድ ሠራ፤ ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ መተንፈስ ጀመረ።

"ይህ እኮ ብረት ማንሣት ነው" አለ።

"ነው" አልሁት።

ቡሬ ሲመለስ ሙሉቀን በትልቅ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ አሰፋለት። ጧት ጧት ትከሻው ላይ ጭኖ ግቢው ውስጥ ይመላለሳል፣ ቁጭ ብድግ ይላል። ሙሉቀን አብሮት ይወጣል። ስመኝ አንዳንዴ እየደወለች "ዛሬም ወጥቷል" ትለኛለች፤ ሌላ የምትለው የላትም፣ ያንን ብቻ ልትነግረኝ ነው የምትደውል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የአውራ ጣቱ ሥጋ ተሞልቷል፣ እንደ ግራው ግን አይደለም። የሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ ጥጥ ሳስነካው ዛሬም ትንሽ ይዘገያል። ቤንች ላይ የሚያነሣው ከድሮው ያነሰ ነው። ክልል ድረስ ሄዶ ልወዳደር ይል የነበረውን ትቶታል፤ ሲተወው ከፍቶት እንደነበር አውቃለሁ። ግን ጧት ያነሣል። ግራይንደሩን ከሙሉቀን ጋር እየተፈራረቁ ይይዛሉ፣ እጀታውንም በጎማ ጠቅልለውታል። ከጂሙ እጁ የደነዘዘ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል፤ ሲመጡ የትኛው ጣት እንደሆነ አውቀው ነው የሚመጡት።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡ የሥራ ባልደረቦቼ የምነግራችሁ ይህን ነው። እጁ የደነዘዘ ሰው ሲመጣላችሁ በጥጥ ጣት በጣት ፈትሹ። ሥራውን ተው ከማለታችሁ በፊት ሥራ ቦታው ሄዳችሁ እዩ። የአውራ ጣት ሥር ሥጋ መክሳት ከጀመረ አትጠብቁ፤ ላኩት። እጁን እንዲያሳርፍ ስታዙትም በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ አብራችሁ ንገሩት።